ቅልጥም የማይበላው አባቴ

አባዬ ቅልጥም አይበላም። በቤታችን ይህን የማያውቅ የለም፤ ለምን እንደማይበላ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። በሰፈራችን በዓል በመጣ ቁጥር ቅርጫው ላይ ብልት የሚያወጣው እሱ ነው። ቢላውን ከዋዜማው ጀምሮ ይስላል። በሬው ከታረደ በኋላ ሽንጡን፣ ዳቢቱን፣ ታላቁን፣ ጎድኑን፣ ሻኛውን እያወጣ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ለየመደቡ ሲደለድል አንድም ሰው "የኔ አነሰ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዕጣው የሚጣለው ለወጉ ያህል ነው። ቅልጥሙን በመጨረሻ ይሰብረዋል። የእኛ ድርሻ ቤት ሲገባ ግን መቅኔውን ለእኛ ለልጆች አካፍሎ እሱ ጎድን ይዞ ይቀመጣል። እማዬ "ለልጅ አንጀቱ አይችልም" ትል ነበር። እኛም በዚያው አመንን።

እውነቱን የሰማሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ ከቤታችን እጅግ ርቀን፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጄምስ በሚባል ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን።

እህቴ የምትኖረው እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አባዬን ይዤ የሄድኩት እሷንና ልጇን እንዲያይ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ፣ ጎረቤት የሚባል ነገር ሲጠፋ፣ "ይሄ አገር ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ነው እንዴ የሚውለው?" ማለት ጀመረ። የእህቴ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ የቨርጂኒያን ታሪክ ስለተማረ "ጀምስታውን እንሂድ" እያለ ሲነዘንዘን ሰንብቷል። አንድ ቅዳሜ እህቴ ከሥራ አረፈችና አራታችንም በጠዋት ተነሣን። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ግራና ቀኙ ደን ነው።

ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ታሪኩን በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ ለአያቱ ይተርክለታል፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1607 ግንቦት ወር ላይ 104 እንግሊዛውያን ጎልማሶችና ወንዶች ልጆች በሦስት መርከብ መጥተው ወንዙ ዳር ሰፈሩ። የላካቸው ለንደን ያለ የቨርጂኒያ ኩባንያ የሚባል የነጋዴዎች ማኅበር ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ምሽግ ሠሩ። በአሜሪካ ምድር ላይ ጸንቶ የቀረ የመጀመሪያው የእንግሊዞች ሰፈራ ይኸው ነው። አገሩ ግን ባዶ አልነበረም፤ ፖውሃታን የሚባል ታላቅ አለቃ የሚገዛቸው ሕዝቦች በቆሎ የሚዘሩበት፣ ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ አጋዘን የሚያድኑበት ርስታቸው ነው። ከሰፈሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ከ1609 መጨረሻ እስከ 1610 ጸደይ ባለው የብርድ ወቅት፣ ከ300 ገደማ ሰፋሪዎች በሕይወት የተረፉት 60 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ "የረሃቡ ጊዜ" ይሉታል።

አባዬ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ሲያዳምጥ ቆየና "ይሄ ሁሉ ደን፣ ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ እንዴት ሰው ይራባል?" አለ።

እኔም ያንኑ ነበር ያሰብኩት። የቀኑ ጥያቄያችን ይኸው ሆነ።

አንድ ነገር ልናገር። ከመሄዳችን በፊት ከእህቴ ጋር የተጨነቅንበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ጀምስታውን ያለው ሙዚየም ውስጥ የአንዲት ልጅ የራስ ቅል እንዳለና ታሪኩም ለልጅ የሚነገር እንዳልሆነ ሰምተናል። ልጁን በዘዴ አሳልፈን እንወስደዋለን ብለን ተማክረናል። መኪና ውስጥ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ "ጄንን እናያታለን አይደል?" ሲል እርስ በርስ ተያየን። ትምህርት ቤት ነግረውታል። ወላጅ ሲባል ሁልጊዜ የሚጠብቀው በር ሌላ፣ ነገሩ የሚገባበት በር ሌላ ነው። ለልጁ ስንጨነቅ ስለ አባዬ ያሰብን የለንም።

ምሽጉ ለረጅም ዘመን ወንዙ በልቶት ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልያም ኬልሶ የሚባሉ አርኪዮሎጂስት አካፋ ይዘው ጀመሩ፤ አብዛኛው የምሽጉ ክፍል ደረቅ መሬት ላይ እንዳለ አገኙት። ከእንጨቱ አጥር የቀረው አፈሩ ላይ ያለ ጥቁር የጉድጓድ ምልክት ብቻ ነው። ጉድጓዶቹ፣ የድሮ የውሃ ጉድጓዶችና ምድር ቤቶቹ ግን በቆሻሻ ተሞልተዋል። ምክንያቱ ደስ ይላል። በሰኔ 1610 አዲሱ ገዥ ሎርድ ደ ላ ዋር ሲደርስ ግቢው አስቀያሚ ሆኖ አገኘውና በቶሎ እንዲጸዳ አዘዘ። ሰዎቹም ያገኙትን ሁሉ እየጠረጉ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ደፉት፤ አፈር መለሱበት። ያ ክፉ የብርድ ወቅት ከነአጥንቱ እንደታሸገ አራት መቶ ዓመት ቆየ።

የቤት እመቤት ሆኜ ሳስበው ትንሽ ያስደነግጣል። የእኔን የአንድ ወር ቆሻሻ ሰው ቢያገላብጠው ስለ ቤቴ የሚያውቀው ነገር ለእንግዳ ከምናገረው በጣም ይበልጣል።

ሙዚየሙ ውስጥ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንቶች የጥጋብ ናቸው ማለት ይቻላል። ስተርጅን የሚባል ግዙፍ ዓሣ አለ፤ ቆዳው ላይ እንደ ጋሻ ያለ የአጥንት ሰሌዳ የተደረደረበት ነው። ያ ሰሌዳ በብዛት ተገኝቷል። የኤሊ ድንጋይ፣ የአጋዘን አጥንት፣ የዳክዬ ክንፍ፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ሞልቷል። ትንንሹ የዓሣ አጥንት እንዳይጠፋ አፈሩን በወንፊት ላይ በውሃ እያጠቡ ነው የሚለቅሙት። "ልክ እንደ ምስር ለቀማ" አለች እህቴ።

አጥንት ካገኙ በኋላ የሚያነቡበት መንገድ ብዙ ነው። ከጥርሱ የእንስሳውን ዕድሜ ያውቃሉ። ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ ያያሉ፤ ጭንቅላትና ሰኮና ካለ እዚያው ታርዷል፤ የወፍራሙ ሥጋ አጥንት ብቻ ከሆነ ምናልባት በበርሜል ጨው ተደርጎ በመርከብ የመጣ ነው። ስንት እንስሳ እንደተበላ ለማወቅ ደግሞ የአንድ ጎን አጥንት ይቆጥራሉ፤ ሦስት የግራ የፊት እግር ከተገኘ ቢያንስ ሦስት እንስሳ ነበረ ማለት ነው። የእህቴን ልጅ ከሁሉም በላይ የማረከው ይህ የግራ እግር ቆጠራ ነው። ወቅቱንም አጥንቱ ይናገራል። ስተርጅን ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣው በጸደይና በበጋ ነው። በብርዱ ወቅት ወንዙ ዳር ቁጭ ብለህ ብትጠብቀው አይመጣም።

የአባዬ ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ውሃ አለ ማለት ሁልጊዜ ዓሣ አለ ማለት አይደለም።

ቀሪውን ግማሽ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። በሐምሌ 1609 ስንቅና አለቆች የጫነችው ዋናዋ መርከብ፣ ሲ ቬንቸር፣ በማዕበል ተመታ ቤርሙዳ ደሴት ላይ ተሰበረች። የተቀሩት መርከቦች የደረሱት የሚበላ አፍ ይዘው ነው እንጂ የሚበላ እህል ይዘው አይደለም። ምሽጉ ውስጥ የተከማቸውን በቆሎ ከመርከብ የወረዱ አይጦች ቀድመው ጨርሰውታል። ከፖውሃታን ሕዝቦች ጋር የነበረው ግንኙነት ተበላሽቶ ጦርነት ሆነ፤ ተዋጊዎቻቸው ምሽጉን ከበቡት። ለማደን የወጣ አይመለስም። ደሴት ላይ ይረቡ የነበሩት አሳማዎችም አለቁ። በዚህ ሁሉ ላይ ድርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት የጥንት ሳይፕረስ ዛፎችን የዕድሜ ቀለበት ቆጥሮ ከ1606 እስከ 1612 ያሉት 7 ዓመታት በ770 ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋ ደረቅ ጊዜ እንደነበሩ አሳይቷል። ለራሳቸው ለአገሬው ሰዎችም የሚተርፍ በቆሎ አልነበራቸውም።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። "ካልወጡበት ደን ምን ያደርጋል" አለ። "እኛም እኮ ውሃው እታች ሲፈስ እያየነው ነበር።"

ይህን ሲል ልብ አላልኩትም።

የረሃቡ ጊዜ አጥንቶች ያሉበት መስታወት ጋ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ስተርጅን የለም። ፈረስ፣ ውሻ፣ ድመት፣ አይጥ፣ እባብ ነው። ካፒቴን ጆን ስሚዝ የሚባለው መሪያቸው ከዚያ ብርድ በፊት ቆስሎ ወደ አገሩ ሲመለስ 6 ባዝራና 1 ድንጉላ ፈረስ ትተው እንደሄዱ ተጽፏል። የእነዚያ ፈረሶች መጨረሻ እዚህ መስታወት ውስጥ ነው።

"እንግሊዞች ፈረስ ይበላሉ እንዴ?" አለ አባዬ።

"አይበሉም። ለእነሱም ነውር ነው" አልኩት።

ስለ ውሾቹም የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ቢያንስ ስድስቱ ከእንግሊዝ የመጡ ሳይሆኑ ከአገሬው ውሾች የተወለዱ መሆናቸውን አሳይቷል። የቢላ ምልክት ያለባቸውም አሉ። ውሾቹ እንዴት ወደ ምሽጉ እንደገቡ፣ በስጦታ ይሁን በልውውጥ ወይም ራሳቸው ተከትለው፣ አጥንቱ አይናገርም።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። እንደ ቅርጫ ቀን ነው ያየው። ጥበቃው እስኪመለከተን ድረስ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። "ይሄ በምሳር የተመታ ነው" አለኝ በጣቱ እያሳየ። "መገጣጠሚያውን መፈለግ ትተው አጥንቱን ነው የመቱት።" የዚያ ዘመን እንግሊዞች ሥጋ የሚያወጡት በከባድ መቁረጫ አጥንቱን እየከተፉ ነበር፤ በመጋዝ መቁረጥ የተለመደው በጣም ዘግይቶ ነው። ለእኛ አገር ብልት አዋቂ፣ በቢላ ጫፍ መገጣጠሚያውን አግኝቶ ለሚያላቅቅ ሰው፣ ሥራው ውርደት ነው። የውሻ ጥርስ የተወው ምልክትና ቢላ የተወው ምልክትም እንደሚለያይ ለልጁ አስረዳው። ጥርስ አጥንቱን ይጎረጉደዋል፤ ስለት ግን ቀጭን፣ ሹል መስመር ይተዋል። አጥኚዎቹ በማጉያ መነጽር የሚለዩትን እሱ ለዓመታት ከቅርጫ በኋላ አጥንት ሲጥል አይቶታል።

ቀጥሎ ዝም አለ። ለሁለት የተሰነጠቀ የእግር አጥንት ነው የሚያየው።

"ቅልጥሙን ሰብረውታል" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ይሄ ለበዓል የተሰበረ አይደለም" አለ።

ልክ ነበር። አጥንት የሚያጠኑ ሰዎች ረሃብን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ሰው በደህና ቀን ወፍራም ወፍራሙን ቅልጥም ይሰብራል፤ ሌላውን ይጥላል። ሲጨንቀው ግን መቅኔው ከቁም ነገር የማይገባውን ትንሹን አጥንት፣ መንጋጋውን፣ የእግር ጣቱን ሳይቀር ይሰብራል፤ ቀቅሎ ስቡን ያወጣል። አጥንቱ እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ሆዱ ባዶ እንደነበረ ይታወቃል።

ከመስታወቱ ዞር ብሎ "ወደ አየር ልውጣ" አለ። እህቴ ከልጇ ጋር ወደ ጄን ክፍል ስትገባ እኔ ተከተልኩት። በር ላይ ግን ቆም አለና "እዚያ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ምሽግ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከፈረስና ከውሻ አጥንት ጋር ተደባልቆ፣ የአንዲት የ14 ዓመት ገደማ እንግሊዛዊት ልጅ የራስ ቅልና የእግር አጥንት ተገኘ። የስሚዝሶኒያን ተቋሙ ዳግላስ ኦውስሊ የስለት ምልክቶቹን መርምረው በሚቀጥለው ዓመት ለሕዝብ ገለጹ። ስሟ ስለማይታወቅ ጄን አሏት። የሰው ሥጋ መበላቱ በዚያው ዘመን በነበሩ ሰዎች ተጽፎ ነበር፤ በዚያ ብርድ ምሽጉን ያስተዳድር የነበረው ጆርጅ ፐርሲ ራሱ ጽፎታል። ብዙዎች ግን የተጋነነ ነው ይሉ ነበር። ኩባንያውም በ1610 ለንደን ላይ ባሳተመው መግለጫ ወሬውን ለማስተባበል ሞክሯል፤ አዲስ ሰፋሪ የሚመለምል ማኅበር ሌላ ምን ይላል?

አባዬ ቆቡን አወለቀ፤ በሩ ላይ ቆሞ አማተበና "ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ ወጣን።

ወንዙ በጣም ሰፊ ነው፤ ማዶው በጭጋግ ይታያል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አባዬ ከቆቦ በላይ ካለ ገጠር እንደመጣ፣ የ1977ቱን ድርቅ እንዳየ አውቃለሁ። እናቱ በዚያው ዓመት እንደሞቱም አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ ነግሮን አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅንም። በቴሌቪዥን የቆረም መጠለያ ምስል ሲመጣ ጣቢያውን ይቀይራል።

"አህያ ነበረችን" ብሎ ጀመረ።

ፍየሎቹ መጀመሪያ ተሸጡ፤ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋ አላወጡም። ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው ጤፍ ተበላ። በሬዎቹ ሣር አጥተው አንድ ባንድ ወደቁ። እሱ የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ቀድመው ስለሞቱ ቤቱ በእሱ ላይ ነው። እናቱና የ8 ዓመት እህቱ አሉ። ወደ ቆረም ለመሄድ ተነሡ። እናቱ መራመድ ስላልቻሉ አህያዋ ላይ አስቀመጧቸው። ሁለተኛው ቀን ላይ አህያዋ ተኛች፤ አልነሣም አለች።

"ሦስት ቤተሰብ ነበርን አብረን የምንሄደው። ማንም ምንም አላለም። ሁሉም እኔን ያያል፤ ቢላ ያለው እኔ ጋ ነው። አባቴ ብልት አዋቂ ነበር፤ ቢላው የእሱ ነው።" ትንሽ ዝም አለ። "የጨነቀኝ ምን መሰለሽ? በስመ አብ ልበል ወይስ አልበል? በአህያ ላይ ስሙ ይጠራል? ሳይጠራስ ይታረዳል? ምንም ሳልል ነው ያረድኳት።"

ሌሊቱን ለሦስት ደለደለው። እኩል እንዲሆን ተጠንቅቆ፣ በጨረቃ። ቅልጥሙን በድንጋይ ሰብሮ መቅኔውን ለእህቱ በጣቱ እያጎረሰ አበላት። እናቱ "ምንድን ነው?" አላሉም። በሉ። ጠዋት አጥንቱን ሁሉ ሰብስበው ቀበሩት፤ መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሰው እንዳያይባቸው ነው። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ምን ይበላ እንደነበር ግን ማን ያውቃል።

እናቱ ቆረም ደርሰው ሞቱ። እህቱ ተረፈች። ደሴ ያለችው አክስቴ ናት፤ የልጆች ልጆች አይታለች።

"አክስቴ ታውቃለች?" አልኩት።

"በግ ነው ብያታለሁ።"

ለነፍስ አባቱ ነግሮ ንስሐ ገብቷል፤ ቀኖናውንም ፈጽሟል። ለእናቴ ግን ሳይነግራት ነው የሞተችው። "ሬዲዮው እኮ የዚያን ጊዜ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ነበር የሚያወራው" አለኝ። "መብራት፣ ሰልፍ፣ ጭፈራ። እኛ ያየነው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ስገባ ማን ይጠይቀኛል፣ ለማንስ እናገራለሁ? እነዚህ ሰዎች ግን..." ወደ ሙዚየሙ አገጩን ቀሰረ፤ "አጥንታቸውን አልቀበሩትም።"

"ቀብረውታል አባዬ። ሰው ቆፍሮ ነው ያወጣው።"

ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ወንዙን አየ። "እንግዲህ የእኛንም አንድ ቀን ያወጡት ይሆናል" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልሰማሁም።

እህቴና ልጇ መጡ። ልጁ ስለ ጄን የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ግን እንደፈራነው አልደነገጠም። "ወላጆቿ አብረዋት ነበሩ?" ነው ያለው። አላወቅንም አልነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባዬ እንደገና ተናጋሪ ሆነ። በረሃቡ ማግስት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በግንቦት 1610 ሲ ቬንቸር ላይ ከነበሩት የተረፉት ቤርሙዳ ላይ በሠሯቸው ሁለት መርከቦች ደረሱ፤ ይዘውት የመጡት የደሴቲቱ ወፍ አጥንት እንኳ ምሽጉ ውስጥ ተገኝቷል። የቀረ ነገር እንደሌለ ሲያዩ ሰፈሩን ትተው ሁሉም በመርከብ ወንዙን መውረድ ጀመሩ። ሎርድ ደ ላ ዋር ስንቅና አዲስ ሰው ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ተገናኙና ወደ ኋላ መለሳቸው። ከዚያ ከብት በመርከብ እየመጣ ረባ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ጉድጓዶች ውስጥ የላምና የአሳማ አጥንት እየበዛ፣ የዱር እንስሳው እያነሰ ይሄዳል። በመካከል ግን ጠንካራ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ያለ ገዥው ፈቃድ ላም ወይም ፈረስ ቀርቶ የራሱን ዶሮ ያረደ ሰው በሞት ይቀጣል።

እህቴ "ለዶሮ!" ብላ ጮኸች። እኔም ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን "ልክ ናቸው" አለ። "ዘር ነዋ። ዘር የበላ ቤት መቼ ይነሣል? እኛ ጤፉን ስንበላ ነው ያለቀልን፤ አህያዋማ ኋላ ናት።" እህቴ የቷ አህያ ብላ በመስታወቱ አየችኝ። ማታ እነግርሻለሁ አልኳት በዓይኔ።

ማታ ዶሮ ወጥ ነበር። ገበታው ከተነሣ በኋላ ልጁ የሁላችንንም አጥንት ሰብስቦ ወረቀት ላይ መደርደር ጀመረ። ግራና ቀኙን መለየት ሲያቅተው አያቱን ጠራ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ሲያመሳክሩ ቆዩና ልጁ "ሦስት የግራ እግር! ቢያንስ ሦስት ዶሮ!" ብሎ አወጀ። እህቴ ሁለት ዶሮ ብቻ ነው የሠራሁት ብላ ማለች። ክርክሩ እስከ መኝታ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻ ሱቅ ላይ የተገዛ ትርፍ እግር ከሁለቱ ዶሮ ጋር መጨመሯን አመነች። እንቁላሉን ያህል ሥጋውም ለሰው ሁሉ እንዲደርስ ብላ ነው። አባዬ እንደዚያ ከልቡ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ሳስብ መጀመሪያ ያስፈቀድኩት እሱን ነው። አዲስ አበባ ከተመለስን ሁለት ወር ሆኖናል። "ጻፊው፤ ስሜን ግን ተይው" አለኝ። "አክስቴስ ብታነበው?" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ይዞ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ደሴ ደውሎ ድምፁን ከፍቶታል። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ያን ጊዜ፣ ወደ ቆረም ስንሄድ ያበላሁሽ በግ አልነበረም" አላት።

ከወዲያ ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ጠፋ።

"ውይ ወንድምዬ" አለች አክስቴ፤ "እረኛ እኮ ነበርኩ። የበግ ቅልጥም ያን ያህላል?"